በሌላ ዲግሪ ወደ ንግግር ሕክምና

እስቲ አንዲት ሴት በሐሳባችን እንፍጠር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ በአካውንቲንግ ተመርቃ፣ ስድስት ዓመት የድርጅቶችን ሒሳብ ስትዘጋ ቆይታለች። አክስቷን ስትሮክ ይመታቸውና ሆስፒታል ይተኛሉ። ውሃ በተጎነጩ ቁጥር ትን ይላቸዋል፤ የሰው ስም አፋቸው ላይ ደርሶ ይጠፋባቸዋል፤ ሃያ ዓመት የሠሩበት እንግሊዝኛ ሸሽቶ አማርኛው ብቻ ቀርቷል። አንዲት ባለሙያ በየጠዋቱ እየመጣች አዋዋጣቸውን ትመረምራለች፤ ሥዕል እያሳየች ስሙን ትጠይቃቸዋለች። አካውንታንቷ አልጋው አጠገብ ቆማ ታስተረጉማለች። ሳምንቱ ሳያልቅ «እኔስ ይህን ሥራ ብማረው?» የሚል ሐሳብ ይመጣባታል። እናቷ ሲሰሙ የሚሉትን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም፦ «ዲግሪሽን ይዘሽ ሥራሽ ላይ እያለሽ፣ አሁን ደግሞ ለሰው ንግግር ላስተምር ትያለሽ?»

የእናትየውን ቁጣ እንደ ተራ ቁጣ ማለፍ አይገባም፤ ከሥሩ ሒሳብ አለበት። ወደ ሒሳቡ ከመግባታችን በፊት ግን በሩ በእርግጥ ክፍት መሆኑን እንይ።

ወደዚህ ሙያ የሚገባበት መንገድ በየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ በመጀመሪያ ዲግሪም ይሠራበታል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን የጀመረው በመጀመሪያ ዲግሪ ነው። በአሜሪካ ግን ስፒች ቴራፒስት ለመሆን ማስተርስ ግድ ነው። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር በ1925 የተመሠረተ ሲሆን የሙያው ሰዎች «አሻ» ይሉታል። ማኅበሩ የብቃት ምስክር ወረቀት ሲሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪው በምን እንደሆነ አያጣራም። የሚያጣራው ሌላ ነው፦ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ ወይም ፊዚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ አንድ የማኅበራዊ ወይም የሥነ ባሕርይ ሳይንስ ኮርስ፤ ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የተገኘ ማስተርስ፤ 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ (25ቱን ሰዓት በመታዘብ፣ 375ቱን ከታካሚ ጋር በመሥራት)፤ ብሔራዊ ፈተና፤ ከምረቃ በኋላም ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር የሚሠራ ሥራ።

እንግዲህ ደንቡ አይከለክላትም። ችግሩ የሚመጣው ከዩኒቨርሲቲዎቹ በኩል ነው። ማስተርሱ የሚጀምረው ተማሪው ፎኔቲክስ፣ የንግግር አካላት አናቶሚ፣ የሕፃናት የቋንቋ ዕድገት፣ የመስማት ሳይንስና የመሳሰሉትን አስቀድሞ እንደተማረ ቆጥሮ ነው። ከሌላ ትምህርት የመጣ ሰው እነዚህን የማካካሻ ኮርሶች መውሰድ አለበት። አንዳንዱ ፕሮግራም ኮርሶቹን ሳትጨርሺ አታመልክቺ ይላል፤ አንዳንዱ ተቀብሎ ሁለት ዓመቱን ሦስት ያደርገዋል። ሁለተኛ ባችለር የሚይዙም አሉ፤ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህንን በርቀት ትምህርት ስለሚሰጥ ሥራቸውን ሳይለቁ የሚማሩ ሰዎች ያውቁታል። የእኛዋ ሴት በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ሃዋርድ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን ይሰጣሉ፤ ሁሉም በባቡር ይደረሱላታል።

አሁን ወደ እናትየው ሒሳብ። አንድ ዓመት ማካካሻ፣ ሁለት ዓመት ማስተርስ፣ ዘጠኝ ወር ክትትል ያለበት ሥራ፤ ወደ አራት ዓመት ይጠጋል። የመጨረሻው ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፤ ማስተርሱ ላይ ግን ቀኑ በክሊኒክ ስለሚያዝ ሙሉ ሥራ ይዞ መማር ለአብዛኛው ሰው አይሆንም። ስለዚህ ወጪው የትምህርት ክፍያው ብቻ ሳይሆን የሚቀረው ደመወዝም ነው። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ «ግራድ ፕላስ» የተባለውን ብድር ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘግቷል። ለሐኪምና ለጠበቃ ተማሪዎች ከፍ ያለ ጣሪያ አስቀምጦ፣ ለሌላው የማስተርስ ተማሪ በዓመት 20,500 ዶላር ወስኗል። ከዚያ በላይ ያለውን ከኪስ ወይም ከግል ባንክ መሙላት ነው። ከማመልከት በፊት ለትምህርት ቤቱ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ደውሎ «እናንተ ጋ ይህ ትምህርት በየትኛው ጣሪያ ሥር ነው?» ብሎ መጠየቅ ከማመልከቻው ድርሰት ይልቅ ይጠቅማል።

ፉክክሩም ቀላል አይደለም። ትምህርት ቤቶች ተማሪ የማይጨምሩት ስለማይፈልጉ አይደለም። እያንዳንዱ ተማሪ 375 ሰዓት ከታካሚ ጋር የሚሠራበት ቦታና የሚከታተለው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ስለሚያስፈልገው መቀመጫው ውስን ነው። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ትምህርቱን ከመጀመሪያው የተማሩ ልጆች የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው የዘርፉ አስተማሪ አላቸው። የአካውንታንቷ ደብዳቤ የሚመጣው ከኦዲት ኃላፊዋ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ተዪው» ማለት ይቀላል። ሆኖም ከዚህኛው ወገን ያለውም ክብደት አለው። ብዙ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲቶች ለይተው ያያሉ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በካልኩለስ ያገኘችው ሲ በማካካሻ ኮርሶች ኤዎች ሊሸፈን ይችላል። የሥነ ልቦና ምሩቅ ስታቲስቲክሱን ጨርሶ ይመጣል፤ ባዮሎጂ የተማረ ለአናቶሚው አይደነግጥም፤ የሥነ ልሳን ምሩቅ ፎኔቲክስ ላይ የክፍሉ መሪ ይሆናል። አካውንታንትስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቀልድ፦ የቴራፒስት ቀን ግማሹ ሪፖርትና የኢንሹራንስ ኮድ ነው ብለው የሚያማርሩትን ለሰማ ሰው፣ ያ ዲግሪ ከንቱ አይደለም። ደመወዙም ቢሆን እናትየውን ትንሽ ያለዝባል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በግንቦት 2024 የሙያውን መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 95,410 ዶላር አድርጎ መዝግቦታል፤ ከ2024 እስከ 2034 ሥራው በ15 በመቶ ያድጋል ብሎም ይተነብያል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን አፍ የፈቱበት ቋንቋ ነገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሕፃን ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ምላስን በጥርስ መካከል አውጥተው የሚናገሩትን የእንግሊዝኛ ድምፅ በ«ዝ» ቢተካው ታምሟል? አልታመመም፤ በቤቱ የሚሰማው ቋንቋ ያ ድምፅ የለውም። በአንጻሩ ወላጆቹ የሚያውቁት፣ በአማርኛም ጭምር የሚታይ እውነተኛ ችግር ያለበት ልጅ «እንግሊዝኛ ገና ስላልለመደ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ላልቶ «አለ» እና ጠብቆ «አለ» ሁለት ቃል መሆናቸውን ጆሮዋ የሚነግራት ሰው ጠረጴዛው ማዶ ብትቀመጥ ለዚያ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ስል ግን የወገኖቻችንን የተለመደ ስሕተት መድገም አልፈልግም። አማርኛ መናገር ባለሁለት ቋንቋ ቴራፒስት አያደርግም፤ የቋንቋውን ዕድገት፣ ድምፆቹንና ሰዋስዉን በሙያ ዓይን ማወቅ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ብትቀጠር ከምታያቸው ልጆች አብዛኞቹ አማርኛ ሰምተው አያውቁም። ለወገን አገልግሎት ብቻ ብላ የምትገባ ሴት በሁለተኛው ዓመት «ታዲያ ወገኖቼ የት አሉ?» ማለቷ አይቀርም። ሥራውን ራሱን፣ የአንዱን አዛውንት አዋዋጥና የአንዱን ልጅ መንተባተብ፣ ካልወደደችው አማርኛዋ አያቆያትም።

የመጀመሪያውን ዲግሪ ዕዳ ገና እየከፈለ ያለ ሰው፣ የትዳር ጓደኛ ደመወዝ ወይም ቁጠባ ካልደገፈው፣ አሁን ባይገባ እመርጣለሁ። በአንዳንድ ግዛቶች በረዳትነት የሚሠራበት መንገድ አለ፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ሥራውን ከውስጥ ያሳያል። ዕዳ የሌለበት ሰው ግን የቤተሰብ ቁጣ ባያስቆመው ይሻላል ባይ ነኝ። ከሌላ ዘርፍ የመጡ ተማሪዎች ግማሽ የበሰሉ ናቸው የሚለውን አባባልም አልቀበለውም፤ ያ የማካካሻ ዓመት የተሠራው እኮ ለዚሁ ነው። ዓመቱን ግን በአንድ ጊዜ መክፈል ለምን? ሥራዋን ሳትለቅ አንድ ኮርስ ብቻ፣ ፎኔቲክስን፣ ማታ ትውሰድ። ካሰለቻት የከሰረችው የአንድ ኮርስ ዋጋ ነው። በመሃሉም የሆስፒታልና የትምህርት ቤት ባለሙያዎችን ለምና ሥራቸውን ትታዘብ፤ «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ከሚለው፣ አስመራጮች ሺህ ጊዜ ካነበቡት ዓረፍተ ነገር የተሻለ የምትጽፈው ነገር የሚገኘው ከዚያ ነው።

ፎኔቲክስ ክፍል የገባች ዕለት ምን እንደሚገጥማት አስባለሁ። አስተማሪው እነ ጠ፣ ጨ፣ ጰና ቀን የሚያካትተውን የድምፅ ቤተሰብ ሲያስተዋውቅ፣ አጠገቧ ያሉት ልጆች ጉሮሯቸውን ይዘው ሲታገሉ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትለው የኖረችውን ትላለች። ቀጥሎ ተራው የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ይሆናል። ሰባት አናባቢ ይዛ ያደገች ጆሮዋ ያንን ሁሉ መለየት ይጠበቅባታል፤ «መርከብ» የሚለውና «በግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአጭርና በረጅም ኢ እንደሚለያዩ ታውቃለች፤ ስትጽፋቸው ግን ታቀያይራቸዋለች። ማታ ባቡር ውስጥ ማዳመጫዋን አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደጋግማ ትላቸዋለች።