ከስብከት በፊት አገልግሎት

ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላት ሲነሡ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በኋላም ከዚሁ ማኅበር የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የሕዝቡን ጥምቀትና ሥርዓት በአዋጅ ልለውጥ ባለ ጊዜ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዙፋኑ ለፋሲለደስ ተላለፈ፤ ከዚያም ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ። ያ ቁስል ሊረሳ አይገባም። ሆኖም ዛሬ በዚሁ ማኅበር ውስጥ የሚያድገውን ወጣት አፍሪካዊ በሜንዴዝ ዓይን መመልከት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይህ ወጣት ካህን ለመሆን አይቸኩልም፤ ቢቸኩልም አይፈቀድለትም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይፈተናል፤ በመሐሉ የ30 ቀን የጽሞና ሱባዔ ይይዛል። ከዚያ በድህነት፣ በንጽሕናና በታዛዥነት ለመኖር ቃል ይገባል። ፍልስፍና ተምሮ ሲጨርስ በቀጥታ ወደ ነገረ መለኮት አይገባም፤ አስቀድሞ ወደ ሥራ ይላካል። አንዱ የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል፤ ሌላው ከስደተኞች ጋር ይውላል። ማታ ከመተኛቱ በፊት ቀኑን በእግዚአብሔር ፊት መልሶ ይመረምራል፦ ዛሬ ማንን አስከፋሁ? የትኛው ልጅ ሊያናግረኝ ፈልጎ ሳልሰማው አለፍኩ? ነገረ መለኮቱን፣ ለምሳሌ ናይሮቢ በሚገኘው ሄኪማ ኮሌጅ፣ የሚማረው ከዚህ በኋላ ነው። ክህነት እስኪቀበል ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

የዚህ አካሄድ ፍሬ ለእኛም ደርሶናል። እ.ኤ.አ. በ1945 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ የመጡት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ያስተማሩት ያለ ካህን ልብስ፣ ሃይማኖታቸውንም ሳይሰብኩ ነበር። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም የመሩት ከእነርሱ አንዱ፣ ሉሲየን ማት ናቸው። አዋጅ ያፈረሰውን መተማመን ጠመኔ የያዙ መምህራን በትዕግሥት ጠገኑት።

የእኛ ወጣቶች ግን ዛሬ ገና ሳይበስሉ ማይክ ይጨብጣሉ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ተከታይ ያፈራ ሁሉ መምህር ይባላል። የቤተ እምነቶቻችን መሪዎች የኢየሱሳውያንን አካሄድ ልብ ሊሉት ይገባል። የሃይማኖት ልዩነታችን እንዳለ ሆኖ፣ መስበክ የሚሻ ወጣት አስቀድሞ ሕሙማንን ይጠይቅ፣ ሕፃናትን ያስተምር፣ ለስደተኛው ይድረስ። ሰውን በዝምታ ሲያገለግል የኖረ ሰው በሌላው እምነት ላይ አፉን አይከፍትም፤ ሲናገርም ይሰማል።