ዝገቱን ማን ጠረገው?

ጎበዝ፣ እስቲ ስለ ጣሪያ እንነጋገር። ስለ ትንንሽ ጣሪያ፣ በሞዴል ቤቶች ላይ ስለሚደፋው።

በየኤግዚቢሽኑ የሚቆመውን የከተማ ሞዴል፣ በስጦታ ዕቃ ሱቅ የተደረደረውን ጎጆ፣ የአርክቴክቸር ተማሪ በታክሲ ተሸክሞት የሚሄደውን የካርቶን ቤት አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጎጆው ወርቅ የመሰለ ሣር ለብሷል፤ ክረምትም ጭስም አይቶ አያውቅም። የከተማው ጣሪያ ደግሞ ነጭ ወረቀት ነው። ከተሜው ከቆርቆሮ ሥር እያደረ፣ ሞዴሉ ላይ አንዲት የዛገች ክዳን ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። እኛ ይህን ውበት አንለውም፤ ውሸት ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ሀዲዱን፣ ጣቢያውን፣ መጋዘኑን ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሰው ይሠራሉ። በምን እንደሚያመሹ ታውቃላችሁ? ጣሪያ በማዛግ! እነሱ የሌላቸውን ዝገት ይፈጥራሉ፤ እኛ ያለንን እንደብቃለን።

ባቡርና ቆርቆሮ ደግሞ የሥጋ ዘመድ ናቸው። ቆርቆሮን በ1829 እ.ኤ.አ. በለንደን በፓተንት ያስመዘገበው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር፣ በ1821 በአንድ ሀዲድ ለሚሄድ ባቡር ፓተንት ያወጣ መሐንዲስ ነበር። የእኛም የጅቡቲ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሀዲዱ አዊ ድረስ አልዘለቀም፤ ቆርቆሮው ግን ጥርባም ገብቷል። የአዊን ደጋ ዝናብ ማን ችሎት የሚያድር ይመስላችኋል? ነጭ ወረቀት?

«ቆርቆሮ ድህነት ነው፤ ለምን እናሳየው?» የሚሉን አሉ። ሣሩን አውርዶ ቆርቆሮ ያለበሰውን ገበሬ ጠይቁት! ያን ክዳን የገዛው ከልጆቹ አፍ ቀንሶ፣ ባሕር ዛፍ ሸጦ ነው። ለእሱ ማዕረግ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እዚህ የተነቀነቀው ጣሪያው ነው። ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ሞዴል ሹማምንት ከብበውት ስለ ሰፈር የሚወስኑበት ጠረጴዛ ነው። ሞዴሉ ላይ የሌለን ቤት መሬት ላይ ማፍረስ ይቀላል።

ደግሞ ከባድ ሥራ አይደለም። የተለመደው ቆርቆሮ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ሌላው 76 ሚሊሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል 0.87 ይሆናል። የ5 ሚሊሜትር ቡሎን ጥርስ 0.8 ነው፤ ለዓይን አንድ ነው። ብርማ የሲጋራ ወረቀት ለስላሳ ካርቶን ላይ አንጥፎ ቡሎኑን አስረግጦ ማንከባለል፣ ከዚያ ሁለት ሜትሩን ቆርቆሮ 23 ሚሊሜትር አድርጎ መቁረጥና እያነባበሩ ማጣበቅ ነው። ዝገቱን ከአሮጌ ሚስማር ፍቁ። ግን በዘፈቀደ አትርጩት! ዝገት የሚጀምረው ከሚስማሩ ቀዳዳ፣ ከተቆረጠው ጠርዝና ከመደራረቢያው ነው፤ ከዚያ ውኃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከአሮጌዎቹ መካከል አንድ አዲስ ክዳን ጣል አድርጉ፤ ባለቤቱ ዘንድሮ ገንዘብ እንዳገኘ ይታወቅ።

የሣር ጎጆ የምትሠሩም ሣሩን አጥቁሩት። ከሥሩ እሳት ይነዳል፤ ከሥሩ ሰው ይኖራል።

ሞዴሉን ማስዋብ የፈለገ ያስውብ። ያገራችን ቤት ነው ብሎ ካቀረበው ግን ዝገቱን ይመልስልን።