ከሰርጉ በፊት ታክሱን

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ሰላምታው ረዘም ሲልብኝ ጉዳይ እንዳለው ገባኝ። «ቲቸር፣ አንድ ፊርማ ብቻ ነው የምፈልገው» አለ። ሚስቱ አዲስ አበባ ኤምባሲ ኢንተርቪው ገብታ፣ የባልሽ ገቢ አይበቃም፣ ሌላ ስፖንሰር ይጨመር የሚል ወረቀት ይዛ ወጥታለች። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። አብረው የኖሩት ቢደመር ሰባት ሳምንት አይሞላም።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀን ከሌት ኡበር ይነዳል። ሕጉ የሚጠይቀው ደግሞ ሲያዩት ብዙ አይደለም። አይ-864 በሚባለው ቅጽ መሠረት ከፌደራሉ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ ማግኘት ይበቃል። በ2025 ይህ ለሁለት ሰው 26,437 ዶላር ነበር፣ ለሦስት 33,312 (አላስካና ሃዋይ ከፍ ይላል)። እዚህ አካባቢ በዚህ ብር የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈው ሰው ካለ አስተዋውቁኝ።

ታዲያ እንዲህ የሚሠራ ሰው እንዴት ከዚያ በታች ይሆናል? በታክሱ ነዋ! ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁጥሩ የልጁ አይደለም። አንድ ሹፌር በ2024 ተሳፋሪ የከፈለው 68,000 ዶላር ነው እንበል። ድርጅቱ 18,000 ወሰደ። 45,000 ማይል ነድቷል፣ በዚያ ዓመት ለአንድ ማይል የሚቀነሰው 67 ሳንቲም ስለነበር 30,150 ይነሳለታል። የቀረው 19,850 ነው። ኤምባሲው የሚያየው ይሄንን ነው፤ ሌሊት ኤርፖርት ተሰልፎ ማደሩን ማንም አያይለትም።

እስከዚህ ያለው ሕጋዊ ነው። የሚያናድደኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ያልተነዳ ማይል ይጨመራል፣ የልብስ፣ የምሳ፣ የቤተሰብ ስልክ ሁሉ ወጪ ተብሎ ይያዛል። ታክስ የሚሠራልን ሰው «ምንም እንዳትከፍል አድርጌልሃለሁ» ሲለን መርቀነው እንወጣለን። ከዓመታት በኋላ ያው ወረቀት ሚስት ፊት ይዘረጋል።

ሕጉንም ግን ነጻ አላወጣውም። ሚስቱ ነርስ ናት። እዚህ መጥታ የምታገኘው አንድ ሳንቲም አይቆጠርም፤ ለሁለት የሚሠራ ቤት በአንድ ሰው ወረቀት ይመዘናል። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ «የእናንተ ይሻላል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እዚያ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 29,000 ፓውንድ ነው የተጠየቀው፣ እንደዚህ አገር ጎረቤት ጠርቶ ማስፈረምም የለም።

አሁን ደግሞ ልትቆጡኝ ነው። ስፖንሰር አድራጊው የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ፣ ለሚስት የጎደለውን ገቢ ሦስት እጥፍ በሚሆን ቁጠባ ማሟላት ይቻላል። በምሳሌያችን ጉድለቱ 6,587 ነው፤ ሦስት እጥፉ 19,761 ዶላር። ስንቶቻችን ነን ይህንን በአንድ ሰርግና መልስ ጨርሰን የተመለስነው? ለሰርጉ አዳራሽ ስድስት ወር ቀድመን ቀብድ እንከፍላለን። ታክሳችንን የምናየው ኤምባሲው ሲመልሰን ነው።

ወደ «አንድ ፊርማ» ልመለስ። አገር ቤት ገንዘብ ያዥ ሆኖ ለመቀጠር ዋስ እንጠራ ነበር። ሰውየው ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ይወስዳል፣ ዋሱም እፎይ ይላል። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። የፈረመው ሰው ከግዴታው የሚወጣው የመጣችው ሴት ዜግነት ስታገኝ፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት ሥራ ሲቆጠርላት (አስር ዓመት ገደማ ማለት ነው)፣ ወይም ግሪን ካርዷን ትታ ከአገር ስትወጣ፣ ወይም ስትሞት ነው። ቢፋቱ እንኳ ግዴታው አይወርድም። ደግሞ እስከዚያው እኔ ቤት እንደምትኖር ቤተሰብ ትቆጠራለች። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን፣ ከአራት ዓመት በፊት የፈረምኩለት አንድ ሰው አለ፤ እሷ ስትጨመር ስድስት። በ2025 መለኪያ ለስድስት 53,937 ዶላር ነበር። ደመወዜ ያልፋል፣ ግን ለጥቂት። ነገ ለእህቴ መፈረም ቢመጣ አልችልም ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «አልፈርምም» ሲላችሁ በክፋት አትዩት። ከዓመት በፊት ሌላ ልጅ ጠይቆኝ ገቢዬ ስለማይበቃ እምቢ ብዬዋለሁ። እስከ ዛሬ አልደወለልኝም። ፋሲካ ላይ መልእክት ላኩለት፣ አንብቦ ዝም አለ። በገንዘብ እፈርምላችኋለሁ ከሚልም ራቁ፤ ቅጹ በሐሰት ቢሞላ የሚያስጠይቅ የመሐላ ቃል ነው።

ፕሮሰስ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ልጆች፣ ከአሁኑ ገቢያችሁን በትክክል አስመዝግቡ። አሁን ያለ ገቢም ስለሚታይ፣ ከመንዳቱ ጎን ደመወዝ በቼክ የሚከፈልበት ሥራ መያዝ ብዙ ሰው ሲያወጣ አይቻለሁ።

ለልጁ እሺም እምቢም አላልኩትም። ባለቤቴ ሳትሰማ የምፈርመው ነገር የለም። ቅዳሜ ቡና እንጠጣለን፣ የሦስት ዓመት ታክሱን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ሚስቱም በስልክ ትገባለች፤ አዲስ አበባ ማታ ስለሚሆን ቡናውን በጊዜ እናፈላለን።