ስለ ምትሐትና ስለ ተሠወረ መቃብር

ሰው በልጅነቱ የፈራውን ነገር በሽምግልናውም አይረሳውም። ስለዚህ ወላጆች ማታ ማታ ለልጆቻቸው የሚያወሩትን ወሬ አስቀድመው ሊመረምሩት ይገባል። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በምንኖርበት በአብነት ሠፈር ያጋጠመን ነገር ነው።

በቤታችን የሚያድግ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። አንድ ቀን ከመሸ በኋላ ወደ ሱቅ ብንልከው አልሄድም አለን። ምክንያቱን ብንጠይቀው፥ «በእማማ ደጅ አላልፍም፤ ሌሊት ሌሊት የሞተ ሰው በራቸውን ይነካካል፤ የሠፈሩ ልጆች ሁሉ ሰምተውታል» ብሎ መለሰልን። እኛም በዚያን ጊዜ ከት ብለን ሳቅን። ኋላ ግን በመሣቃችን አፈርን፤ ያፈርንበትንም ምክንያት ከዚህ በታች እንገልጣለን።

የምትሐት ወሬ የዛሬ ነገር አይደለም። በመጽሐፍ እንደ ተነገረው ንጉሡ ሳኦል ነቢዩን ሳሙኤልን ከሙታን እንድታስነሣለት ወደ ዓይንዶር ሴት ሄዶ ነበር። ሐዋርያትም ጌታችን በባሕር ላይ ሲመጣ ባዩት ጊዜ ምትሐት መስሏቸው ጮኹ። በእንግሊዝ አገርም በለንደን ግንብ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1536 ዓመት አንገቷ የተቀላው ንግሥት አን ቦሊን ሌሊት ትመላለሳለች እየተባለ ይወራል። ይህች ንግሥት ለማዕርግዋ የሚገባ ክብር ሳይደረግላት በዚያው በግንቡ ቤተ ክርስቲያን ተቀብራለች።

እንዲህ ያለውን ወሬ ሁሉ አሰባስበን ብንመረምረው አንድ ነገር እናገኛለን። ወሬው በብዛት የሚጣበቀው ታሞ በዘመዶቹ መካከል በሞተና ተለቅሶለት፥ ተፈትቶም በተቀበረ ሰው ላይ አይደለም። የሚጣበቀው ሞቱ በተሠወረ፥ ፍርዱ በተጓደለ፥ መቃብሩም ባልታወቀ ሰው ላይ ነው። እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ስላለን ይህ ነገር አላስደነቀንም፤ ውሳኔ ያላገኘ መዝገብ ስንት ዓመት አቧራ ቢለብስ አንድ ቀን ተነሥቶ መምጣቱ አይቀርምና።

ከተማችን አዲስ አበባም ለዚህ ብዙ ምስክር አላት። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ለብዙ ጊዜ በደዌ ተይዘው ከቆዩ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ነገር ግን መኳንንቱ የመንግሥቱ ጸጥታ እንዳይናወጥ በመስጋት ዕረፍታቸውን ሠወሩት። አዋጅ አልተነገረም፥ በአደባባይም አልተለቀሰም፤ አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ በስውር ተቀመጠ። ሕዝቡም ንጉሡ አሉ ወይስ የሉም እያለ በሹክሹክታ ይጠያየቅ ነበር። ከዚህ በኋላ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡ ጊዜ የበዓታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ዐፅማቸውን በክብር አሳረፉት፤ ሹክሹክታው ቀርቶ ጸሎት ተተካ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። በደዌ ሞቱ ተብሎ ተነገረ እንጂ የተቀበሩበት ስፍራ አልተነገረም። ዐፅማቸው ከ16 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ሥር ተገኘ። ወደ በዓታ ቤተ ክርስቲያንም ተወስዶ ከቆየ በኋላ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። እነሆ፥ ሞታቸው የተሠወረ ሁለት ነገሥታት በአንድ ጣራ ሥር ዐብረው ሰነበቱ።

በነገሥታት ላይ የደረሰው በሌላውም ላይ ደርሷል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጠላት ጥይት ተደብድበው ሲሞቱ የተቀበሩበት ስፍራ ለሕዝብ አልታወቀም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀኖች ጣልያን የፈጀውን የአዲስ አበባን ሕዝብ መንግሥታችን 30,000 ያህል ነው ብሎ ገምቶታል። ከነዚህም ብዙዎቹ ያለ ስም በጅምላ ጉድጓድ ተጥለዋል። ስለዚህ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትና የስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ መቃብር ላጡት የመቃብር ምትክ ናቸው።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ደጅ እንመለስ። ልጁ የነገረንን ይዘን ወደ እኒህ እናት ቤት ሄድን፤ ቡናም አፈሉልን። ነገሩን በጨዋታ ብናነሣባቸው አልሣቁም። «ልጄ፥ በሩን የምነካካው እኔ ነኝ» አሉን። «በ1970 ዓ.ም. ወንድሜን በሌሊት ሲወስዱት፥ በሩን እንዳትወረውሪው፥ እመለሳለሁ አለኝ። እኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበርሁ። አልተመለሰም። እናቴ እንዳታለቅስ ተከለከለች፤ አስከሬንም አላየንም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሌሊት እየተነሣሁ መወርወሪያው ክፍት መሆኑን በእጄ እዳስሳለሁ። ፍትሐት አድርጊለት ይሉኛል፤ ፍትሐት ካደረግሁለት ግን የገደልሁት እኔው እሆናለሁ።»

ልጆቹ ሲፈሩት የኖሩት ምትሐት ይህ ነበር። እኛም የሣቅነው በዚህ ላይ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የነፍስ አባታቸው መክረዋቸው በልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደረገ። ጎረቤቱም ተሰብስቦ ከ40 ዓመት በላይ የቆየውን ልቅሶ አለቀሰ። ልጁን ይዘነው ሄደን ነበርና ጧፍ ይዞ ከአጠገባቸው ቆመ።

እንግዲህ ለወላጆች የምንመክረው ይህ ነው። ልጅ ምትሐት አለ ብሎ ሲጠይቅ ማስፈራራትም፥ መሣቅም አይገባም። የሞተው ሰው ማን እንደ ነበረ፥ ምን እንደ ሠራ፥ እንዴትም እንደ ሞተ በእውነት መንገር ይገባል። በልደታ በኩል ሲያልፍም ሆስፒታሉ በስማቸው የተጠራላቸው ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ በዓድዋ እንደ ተዋጉና በሽምግልናቸው ዘመን ዳግመኛ ከጠላት ጋር ተዋግተው እንደ ወደቁ ይነገረው። የሙታንን ስም የሚያውቅ ልጅ በሙታን ደጅ ሲያልፍ አይሮጥም። ይልቁንም በየቤቱ ስሙ በሹክሹክታ ብቻ የሚነሣ ዘመድ ካለ፥ ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ይጻፍ፤ ጸሎቱም ይደረግለት።

የሠፈራችን ስም አብነት ነው፤ ትርጓሜውም ምሳሌ ማለት ነው። እኒህ እናት ሌሊት እየተነሡ መወርወሪያውን መዳሰሳቸውን ገና አልተዉም፤ የብዙ ዓመት ልማድ በአንድ ቀን አይተውምና። ልጁ ግን ዛሬ ወደ ሱቅ ሲላክ በደጃቸው ቆም ብሎ፥ «እማማ፥ እንደምን አመሹ» ሳይል አያልፍም።