ያልተለቀሰ ሐዘን

ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰው ርስትና ቤት፤ መልክና ጠባይ ብቻ አይደለም። ወላጆቹ ያዩትን መከራ፤ ይልቁንም አይተው ሊናገሩት ያልቻሉትን መከራ ሳያውቀው ይወርሳል። ይህ ውርስ በወረቀት የማይጻፍ፤ በዳኛ ፊትም የማይካፈል ስለ ሆነ ወራሹ በእጁ እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው ምክንያቱን ያላገኘለትን ፍርሃቱን ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ከሩቅ አገር ምስክር መጥራት አያሻም። በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም የመሰለ ቀይ ነገር የሞላባቸውን ጠርሙሶች በአብዮት አደባባይ በሕዝብ ፊት ከሰበሩ በኋላ በአዲስ አበባ የሆነው በቂ ነው። ልደታም እንደ ሌሎቹ የከተማው ሰፈሮች ልጆቿን ገበረች። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ጽሑፍ በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ብቻ የተገደሉት ከ10,000 እንደማያንሱ ገምቷል።

ነገር ግን የሟቾቹን ቍጥር መናገር የነገሩን ግማሽ መናገር ነው። በአገራችን ልማድ ሰው ሲሞት ዕድር ይጠራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ሙሾ ይወርዳል፤ ሠልስቱና አርባው ይታሰባል። ሐዘን በዚህ ሁሉ ውስጥ እያለፈ ይበርዳል እንጂ በአንድ ቀን አይጠፋም። በቀይ ሽብር ዘመን ግን ይህ ሁሉ ተከለከለ። እናት የልጇን ሬሳ ለመውሰድ የተገደለበትን ጥይት ዋጋ እንድትከፍል የተጠየቀችበት ጊዜ ነበረ፤ ሬሳውንም ከቶ ያላገኘች ብዙ ናት። ያገኘችውም ብትሆን በሯን ዘግታ፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። በማግሥቱም ስኳርና ዘይት ለመግዛት ልጇን ከወሰዱባት ሰዎች ቀበሌ ሱቅ ሄዳ መሰለፍ ግድ ሆነባት። የጠቆመውና የተጠቆመበት ከአንድ ቦኖ ውኃ ይቀዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተወለደው ልጅ ምን ተነገረው? የወንድሙ ፎቶግራፍ ከግድግዳ ወርዶ በሣጥን ተቀመጠ። ለምን ብሎ ቢጠይቅ «ዝም በል» ተባለ። ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ የሚለውን ብሂል ፊደል ሳይቈጥር ተማረ፤ በር ሲንኳኳ የአባቱ ፊት የሚለወጥበትንም ምክንያት ሳያውቅ የራሱ ፊት አብሮ ይለወጥ ጀመር። ስሙ እንኳ ሥራ ያሸከመው ሕፃን አለ፤ ምትኩ፤ ካሳ፤ ማስረሻ የሚባሉት ስሞች ሲወጡ ፍቅር እንጂ ሌላ አልታሰበም። ሆኖም ማስረሻ የተባለ ልጅ ማንን ሊያስረሳ እንደ ተወለደ ካልተነገረው የማያውቀውን ሰው ቦታ ሲሞላ ይኖራል።

ሐኪሞችም ይህን ነገር ከመረመሩ ቈይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪቪያን ራኮፍ የተባሉ የካናዳ የአእምሮ ሐኪም ከናዚ እልቂት የተረፉ ሰዎች ልጆች፤ እልቂቱን ሳያዩ፤ ከባድ ጭንቀት እንዳለባቸው ጻፉ። ከዚያም ብዙ ዘመን ቈይቶ በኒውዮርክ ራሔል ይሁዳ የተባሉ ሊቅ ከጓደኞቻቸው ጋራ የ32 ወላጆችንና የ22 ልጆችን ደም መርምረው ከጭንቀት ጋራ በሚዛመድ አንድ ዘረመል ላይ በወላጆቹም በልጆቹም ለውጥ አገኙ። የተመረመሩት ጥቂት ስለ ሆኑ ክርክሩ ገና አላለቀም፤ መከራ በደም ይወረሳል ብሎ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም። በቤት ውስጥ በዝምታና በፍርሃት እንደሚተላለፍ ግን የልደታ አሮጊቶች ሳይማሩ ያውቁታል።

ፍርድን በተመለከተ፤ በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ፤ ነገሩ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱንና ግብረ አበሮቻቸውን ጥፋተኛ ብሏል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ፍርድ ቤት አጥፊውን ለይቶ ያስታውቃል እንጂ ሌሊት የሚባንነውን ልጅ አያስተኛም። የአጥፊው ልጅም አለ፤ እርሱም በአባቱ ሥራ ሊጠየቅ አይገባም፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 የተከራከረው ስለዚሁ ነው። እርሱም ቢሆን እውነቱን ከጎረቤት ሐሜት ሳይሆን ከገዛ ቤቱ ቢሰማው ይሻለዋል።

የልደታ ነገር በሌላ በኩልም ያሳስባል። የድሮዎቹ ቤቶች ፈርሰው ፎቅ ሲሠራ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበትኗል፤ «አጎትህ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ» ሊል የሚችል ጎረቤትም አብሮ ሄዷል። በ1969 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እናቶቹማ በሕይወት የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነት የሚያፈላልግ ኮሚሽን እንዲቋቋም ያዛል። ምስክርነቱን ለመቀበል የቀረው ጊዜ ግን በቢሮ አሠራር የሚለካ ሳይሆን በእነዚህ ሽማግሌዎች ዕድሜ የሚለካ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ደግሞ ገና ጥያቄ መጠየቅ መጀመራቸው ነው፤ እነርሱም የዚያው ዓይነት ዝምታ እንዳይገጥማቸው ያሰጋል።

ሩዋንዳዎች በየዓመቱ ሚያዝያ ገደማ አገር ሁሉ ሥራ ቀንሶ ሙታኑን የሚያስብበት ሳምንት አላቸው። በእኛ አገር በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ተከፍቷል፤ ወላጅ ልጁን ይዞ ቢገባ ለመናገር የጨነቀውን ከፎቶግራፎቹ ፊት ቆሞ ሊጀምረው ይችላል። ለልጅ ሁሉን በአንድ ቀን ማፍሰስ አይገባም፤ የጠየቀውን ያህል፤ በዕድሜው ልክ፤ ሳይዋሹ መመለስ ይበቃል። ፍርሃቱ እንቅልፍና ሥራ የሚከለክለው ሰው ሲሆን ጸበልም ቢጠመቅ ሐኪምንም ሊያይ ይገባዋል፤ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ መሆኑ ያሳዝናል።

የቀረው ልቅሶው ነው። ተዝካሩ ዘግይቷል ተብሎ አይቀርም፤ ያልተቀበረ ሰው ያላቸው ቤተ ሰቦች ስሙን አስጠርተው፤ ፎቶግራፉን ከሣጥን አውጥተው፤ ጎረቤት በተሰበሰበበት ቢያለቅሱ የሚከለክላቸው ቀበሌ ዛሬ የለም። የልደታ ዕድሮች ድንኳኑም ወንበሩም አላቸው፤ የጎደለው ቀኑን የሚቆርጥና የሟቾቹን ስም ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ሰው ነው።