የወይን አገር ጠባይና የከተማ መስፋፋት

የአንድ ወይን አብቃይ አውራጃ ጠባይ ከምን ይመነጫል ተብለን ብንጠየቅ፤ ከአፈሩ፤ ከዝናሙና ከፀሐዩ ነው ብለን ለመመለስ እንቸኩላለን። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጐደሎ ነው። በደቡብ አውስትራሊያ የሚገኘው ማክላረን ቬል ለዚህ በቂ አስረጅ ይሆነናል።

ይህ አውራጃ ከአዴላይድ ከተማ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፤ በኰረብታዎችና በቅዱስ ቪንሴንት ባሕረ ሰላጤ መካከል ተዘርግቷል። በጋው ደረቅና ሞቃት ነው፤ ነገር ግን ከባሕር የሚነሣው ነፋስ ሙቀቱን ስለሚያበርደው ሽራዝና ግሬናሽ የተባሉት ቀይ የወይን ዘሮች ይስማሙታል። ውሃው እንዳያንስም ከከተማው የሚወጣው ፍሳሽ ተጣርቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቧንቧ ለወይኑ ይደርሳል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይሁን እንጂ ከተማው የሚሰጠው ውሃ ብቻ አይደለም፤ መሬትም ይወስዳል። በዚያው አቅጣጫ ከጥንቶቹ የወይን ስፍራዎች አንዱ የነበረው ሬይኔላ ዛሬ የአዴላይድ ሰፈር ሆኗል። የቀረውም እንዳይከተል የሰጉት ነዋሪዎች ድምፃቸውን በማሰማታቸው፤ የደቡብ አውስትራሊያ ምክር ቤት በ2012 የአውራጃውን ጠባይ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ከትንንሾቹ ከተሞች ክልል ውጭ ያለውን የእርሻ መሬት ለመኖሪያ ቤት እየቈራረሱ መሸንሸን ተከለከለ። ባሮሳ የሚባለው ሌላው የወይን አገርም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕግ ወጥቶለታል።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ተፈጸመን? አልተፈጸመም። ሕግ መሬትን ከቤት ሠሪ ሊያድን ይችላል፤ ለወይን ጠጅ ግን ገዢ አያመጣም። ቻይና በመጋቢት 2021 በአውስትራሊያ ወይን ጠጅ ላይ ከ116 እስከ 218 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ በጣለች ጊዜ ትልቅ ገበያ ተዘጋ። ቀረጡ በመጋቢት 2024 ቢነሣም የተከማቸው ቀይ ወይን ጠጅ ወዲያው አላለቀም። ወይኑን በደኅና ዋጋ መሸጥ ያልቻለው ገበሬ መሬቱን ሸንሽኖ እንዳይሸጥም ሕጉ ያግደዋል።

በእኛ አስተያየት ሕጉ ትክክለኛ ነው፤ አንድ ጊዜ በቤት የተሸፈነ አፈር ተመልሶ ወይን አያበቅልምና። ሆኖም በውበቱ የሚደሰተው ከተሜና በጐብኚ የሚጠቀመው ነጋዴ ብዙ ሲሆን፤ ኪሣራውን የሚሸከመው ገበሬው ብቻ ሊሆን አይገባም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፤ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። የመሬት ሕግ ለማርቀቅ ብዕር የሚያነሣ ወጣት ሹም ሁሉ፤ ከመከልከሉ አስቀድሞ የክልከላውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን።