ጉንጯ ቢነፋስ?

«ጉንጯ ይነፋል፣ ፊቷ ይበላሻል፣ ማን ያገባታል?»

ይህን በጆሮዬ ያንሾካሾከችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ እዚህ እስራኤል፣ ኤመቅ ሳራ በሚገኝ አንድ የሰርግ አዳራሽ፣ ከባንዱ ጋር ትሮምቦን ይዛ የቆመችውን ወጣት እያየች። አንዱ እንግዳ ደግሞ ልጅቱ ዕቃውን ለወንድሟ የያዘች መስሎት «ዘፋኟ መቼ ነው የምትጀምረው?» ሲል ጠየቃት። ትሮምቦኑን አፏ ላይ ደቅና መለሰችለት።

የአክስቴን ልጅ ግን አልማርኳትም። ሙሽሮቹ ከገቡ ጀምሮ እልል ስትል ያመሸችው እሷው ናት። ለእልልታ ሲሆን ሳንባ አለን፣ ለናስ ሲሆን አቅም የለንም? እናቶቻችን ጎንደር ጭስ ውስጥ አጎንብሰው እሳት እፍ ሲሉ ጉንጫቸው አልተነፋም? ያኔ ማንም «ፊቷ ተበላሸ» አላለም፤ እንጀራው ይጋገር ነበራ! ለምጣድ የተፈቀደ ትንፋሽ ለመድረክ ሲሆን ነውር ይሆናል።

ነገሩ ሥር አለው። መለከትና እምቢልታው የንጉሥ አጀብ፣ የወንድ ሥራ ነበር። ዘመናዊው ማርሽ ባንድም ከዚያው ልማድ ላይ አረፈ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ያገኟቸው፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባዎች አዲስ አበባ ገብተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ነፉ። ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በኋላም ብዙነሽ በቀለ ከክብር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር አገር አንቀጠቀጡ። ክብራቸው አይነካም። ግን ያ ሥርዓት ለሴት የሰጣት ማይክ ነው፤ የትንፋሽ መሣሪያው ከኋላ ለተሰለፉት ወንዶች ቀረ። እኛም ያንን ሥርዓት እንደ ሻንጣ ተሸክመን እስራኤል ይዘነው መጣን።

«የሀበሻ ነገር ነው» ብላችሁ ደግሞ አትሽሹ። አቢ ኮናንት የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1980 ለሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ትሮምቦን ነፊነት ተፈተነች። ፈተናው ከመጋረጃ ጀርባ ነበር፤ መጥሪያው የተላከላትም «አቶ» ተብሎ ነው። ነፋች፣ አሸነፈች። መጋረጃው ሲነሳ ሴት ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ዋና መሪው ሰርጂዩ ቼሊቢዳኬ ወደ ሁለተኛ ትሮምቦን ዝቅ አደረጋት። ፍርድ ቤት ስትሄድ አቅሟን ለማስመስከር ሳንባዋን ክሊኒክ ሄዳ አስለካች። አስቡት፤ ስትነፋ ሰምተው የመረጧትን ሴት ትንፋሽ እንዳላት በሐኪም ማስረጃ አምጪ ማለት ነው! ቦታዋንና እኩል ደመወዟን እስክታስመልስ ሙግቱ እስከ 1993 ዘለቀ። ጆሮ የመሰከረውን ዓይን ካደ፤ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም።

እዚህ እስራኤል ሃይማኖት የሚጠቅሱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በኔጌብ ባለው የመኮንኖች ማሠልጠኛ ሴት ወታደሮች ሲዘፍኑ ሃይማኖተኛ ሠልጣኞች አዳራሹን ጥለው ወጥተው አገር ተናውጧል። እሺ፣ የረቢዎቹ ክርክር ስለ ሴት ድምፅ ነው። ትሮምቦን ግን ጉሮሮ የለውም፤ የናስ ቱቦ ነው። ደግሞስ ዘፋኟን በጭብጨባ ተቀብሎ በነፊዋ የሚያፍር ሰው የትኛውን ሕግ ነው የሚጠብቀው?

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኛ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ2015ም በ2019ም የፖሊስን ጭካኔና ዘረኝነትን ተቃውመን መንገድ ዘግተን «በመልካችን አትፍረዱን» ብለን የጮህን ሰዎች ነን። በማግስቱ ሴት ልጃችን ትራምፔት ልማር ስትል «ፍሉት ይሻልሻል፣ ያምርብሻል» እንላለን። መልኳን አይተን ፈረድን እኮ! መሣሪያ በመልክ አይመረጥም፤ ልጅቱ ከንፈሯ ላይ አስጠግታ ድምፅ ሲወጣላት ዓይኗ የበራበት ነው የሷ።

የባንድ መሪዎችም አይለፉኝ። «ሴት ነፊ ከየት እናምጣ?» ይላሉ። ልምምድ ላይ ያልጠራችኋት ልጅ ሰማይ ቀዳ አትመጣላችሁም። የመጣችውንም ቢሆን «እህቴ፣ አንቺ ማይክ ያዢ» ብላችሁ ከወንበሩ አስነሳችኋት፤ ልብስና ጫማ መረጣችሁላት፣ ክፍያውን ከወንዶቹ አሳነሳችሁባት። ወጣቷም ሰለቻትና መሣሪያውን አልጋ ሥር ወሸቀችው።

ልጄን በቅርቡ እድራለሁ። አንድ ባንድ ጋ ደውዬ ከነፊዎቹ መካከል ሴት እንዳለች ጠየቅሁ።

«የለችም፣ እትዬ። ግን ቆንጆ ቆንጆ ተወዛዋዦች አሉን» አለኝ መሪው።

ቀብዱን ለሌላ ባንድ ከፈልኩ።